ጣሪያ የሌላት መኪና

እናቴ የተሸነፈችው በጠራራ ፀሐይ፣ የጎሮ ሰው ግማሹ ቆሞ እያየ ነው። ይህን ስናገር እንዲታዘንላት ፈልጌ አይደለም፤ የሚያዝንላት ሰው ካለ መጀመሪያ ከእኔ ጋር ይጣላል። ያን ጊዜ ግን ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በዘጠኝ ዓመት ሰው መሸነፍን ከልቡ ይጠላል፤ ማሸነፍ ምን እንደሆነ ግን ገና አልገባውም።

መኪናችንን ሰፈሩ «ፌንጣ» ይላታል። አረንጓዴ ናት፣ ትንሽ ናት፣ ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች። ከላይ ያላት ሸራ ነው። ሸራው ወደ ኋላ ሲታጠፍ ሰማዩ እንዳለ ጭንቅላታችን ላይ ይወርዳል። ጣሊያን ሠራሽ መሆኗን እንጂ መቼና በማን እጅ አገራችን እንደገባች የሚያውቅ የለም። አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ አንድ አጥር ሥር ሣር በቅሎባት አገኟት። ብሎን በብሎን ፈትተው፣ አጥበው፣ መልሰው ገጠሟት። ሲሞቱ ቤቱን ለወንዶቹ ልጆቻቸው፣ ፌንጣን ለእናቴ ተዉ። አጎቶቼ ሳቁ። እናቴ ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰረችው።

እናቴ ፈለቀች ሾላ ገበያ ቅመም ነጋዴ ናት። ጠዋት ጠዋት የኮረሪማውን ከረጢት ከጎኗ ባለው ወንበር ላይ ታስቀምጣለች፤ እኔን ከረጢቱ ላይ። የቤንዚንና የኮረሪማ ሽታ ተቀላቅሎ ሲመጣብኝ ዛሬም ወደ ትምህርት ቤት የረፈደብኝ ይመስለኛል። የሚረፍድብኝ ደግሞ በእናቴ ጥፋት ነበር። ሁሉም ሰው የሚሄድበትን ሰፊውን መንገድ ትታ፣ በጓሮ በጓሮ፣ ስትጠመዘዝ ትሄዳለች።

«እማ፣ ለምን በዚህ? ሩቅ እኮ ነው።»

«መታጠፊያ አለው።»

መልሷ ይኸው ነበር። እኔም ገባኝ፤ እናቴ ትልቁን መንገድ ትፈራለች። የጭነት መኪና ትፈራለች፣ አውቶቡስ ትፈራለች፤ ስለዚህ በጓሮ ትሹለከለካለች። መታጠፊያ ሲደርስ ትንፋሿን ትይዛለች፣ ማርሹን በመዳፏ ገፋ ታደርገዋለች፣ ከዚያ ጥርሷ ሁሉ ይታያል። ፍርሃት ነው ብዬ ነበር። ሰው ፈርቶ ጥርሱን ሲያሳይ አይቼ አላውቅም፤ ግን እንደዚያ መሆን አለበት ብዬ ወሰንኩ።

ከእኛ ሁለት በር አልፎ ዓንዶም ይኖር ነበር። ከዱባይ ዕቃ የሚያስመጣ፣ ያላገባ፣ ሽቶው ቀድሞት የሚደርስ ሰው። ጥቁር፣ ባለ ሁለት በር መኪና ነበረችው፤ ጠዋት ስትነሳ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አብሮ ይነሳል። ከቆመችበት ተነስታ መቶ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለመግባት ስንት ሰከንድ እንደሚበቃት ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ይናገራል። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ተናግሯል። አባቴ ሃይለኣብ «ይኼ ሰው የሚቸኩለው ወዴት ነው?» ይል ነበር። የአባቴ ታናሽ እህት ዊንታ ግን እንደዚያ አትልም። ዊንታ ከእኛ ጋር ነበር የምትኖረው፤ ቦሌ አየር ማረፊያ ቲኬት ክፍል ትሠራለች። ዓንዶም በበራችን ሲያልፍ ሁሌ ውጭ የምትደፋው ውሃ ታገኛለች። በቤታችን እንደዚያ ሰሞን ወለል ታጥቦ አያውቅም።

ያን ዓመት ከሰፈራችን ጀርባ አዲስ አስፋልት ተነጠፈ። ገና አልተከፈተም፤ ጫፉ ላይ ድንጋይ ደርድረውበታል። ቀጥ ያለ፣ ሰፊ፣ ጥቁር፣ እንደ ተተኮሰ ሱሪ። እሁድ እሁድ የሰፈሩ ወጣት ድንጋዩን ገለል አድርጎ እዚያ ይሰበሰባል። እናቴና እኔ ከቅዳሴ ስንመለስ መንገዱን ዘግተው አገኘናቸው። ዓንዶም ጥቁሯ መኪናው ላይ ተደግፎ ነበር። ዊንታ መኪናው ውስጥ ተቀምጣለች፤ ጸጉሯን ተሠርታለች።

«እትዬ ፈለቀች!» አለ ዓንዶም። «ይቺ ፌንጣሽ መዝለሉንስ ትዘላለች፤ መሮጥ ትችላለች?»

ወጣቶቹ ሳቁ። አንዱ «ሣር ስጧት!» አለ።

እናቴ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠመጠመች። «ኑ እንያት» አለች።

«ግማሹን መንገድ ልልቀቅልሽ፣ ከዚያ ልነሳ።»

«የለቀቅክልኝን ምን አደርግበታለሁ? እኩል ተነስ።»

ይቺ ሴትዮ፣ በጓሮ የምትሹለከለክ፣ አውቶቡስ የምትፈራ እናቴ፣ ዛሬ ጉድ ልታሳያቸው ነው! የበሩን እጀታ በሁለት እጄ ያዝኩ። አንዱ ወጣት መሃረብ አወዛወዘና ጣለው።

ጥቁሯ መኪና ጮኸች፤ ከዚያ የለችም። እናቴ ማርሽ ሁለት ሳታስገባ ዓንዶም የጣት ያህል ሆነ። የጎማ ጭስ አፌ ውስጥ ገባ። «እማ ፍጠኚ! እማዬ ፍጠኚ!» እላለሁ። እናቴ አትሰማኝም። ነጠላዋ ከኋላዋ ይራገባል፤ ጥርሷ ይታያል። ስንደርስ ዓንዶም ከመኪናው ወርዶ ስልኩን እያየ ነበር። ዊንታ መስኮቱን ከፍታ ጭንቅላቷን አውጥታለች፤ ፊቷ ገርጥቷል።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እናቴ ግን ሞተሩን አላጠፋችም።

«ጨረስክ?» አለችው።

«ጨረስኩ እንጂ! ድሮ ጨረስኩ!»

«እኔ ገና ነኝ።»

ዓንዶም ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። «የት ልትሄጂ?»

«ወደ ላይ።» በአገጯ አሳየችው። አስፋልቱ ካለቀበት ወደ ድንጋይ ካባው የሚወጣ አሮጌ መንገድ አለ፤ የተራራውን ወገብ እየዞረ ይወጣና በማዶ ይወርዳል። በሥራ ቀን ድንጋይ የጫኑ መኪናዎች ይመላለሱበታል፤ እሁድ ሰው የለበትም። «ከደፈርክ ግባ» አለችው። «ሀይሚ፣ አንቺ ውረጂ። ከአክስትሽ ጋር ጠብቂኝ።»

ከገዛ መኪናዬ ወረድኩ። ያሸነፈን ሰው የእኔ ቦታ ላይ፣ ኮረሪማ የሸተተው ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ሄዱ።

ከዊንታ ጋር በፀሐይ ቆመን አየናቸው። ፌንጣ ተራራው ላይ አረንጓዴ ነጥብ ሆነች። ትጠፋለች፣ በሌላኛው መታጠፊያ ብቅ ትላለች። የሞተሩ ድምፅ ወረድ ይላል፣ ከፍ ይላል፣ እንደገና ወረድ። ከዚያ ድንገት የዓንዶም ጩኸት መጣ። ከዚያ ሁሉ ርቀት፣ ጥርት ብሎ።

«እየተቆጣት ነው» አልኩ። «እማዬን እየጮኸባት ነው።»

ዊንታ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ሽቅብ ታያለች።

ሲመለሱ የዓንዶም ፊት ሌላ ነበር። የተቀባው ጸጉሩ ቆሞ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ረጥቦ። ወርዶ ለማንም ሳይናገር የፌንጣን ኮፈን በመዳፉ ነካ፤ ከዚያ ጥቁሯ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሳያስነሳ ተቀመጠ። በቃ፣ ተጣልተዋል አልኩ። እናቴ ተሸንፋ፣ ተሰድባ መጣች። ያን ጩኸት የቁጣ ነው ብዬ አምኜ ብዙ ዓመት ኖርኩ።

ማክሰኞ ሳይደርስ ወሬው ሰፈሩን ዞረ። አባቴ አየር ማረፊያ ካርጎ ነበር የሚሠራው፤ የሚያብረቀርቅ ሰደርያውን ሳያወልቅ ገባ። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ የቤት ሥራ እየሠራሁ ነው፤ ማለትም ጆሮዬን አቁሜ።

«ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ ፈለቀች?»

«አላውቅም። ንገረኝ።»

«ባለትዳር ሴት ወንደላጤ አሳፍራ ተራራ ወጣች ይላል።»

«ጣሪያ በሌላት መኪና ውስጥ ምን ይደበቃል ሃይለኣብ?»

አባቴ ወንበር ሲስብ ሰማሁ። «እኔ እሱን አላልኩም» አለ ዝቅ ብሎ። «አውቅሻለሁ። ግን ተያት ይቺን መኪና። ጣሪያ ያላት፣ አራት በር ያላት፣ እንደ ሰው የምታስኬድ እንፈልጋለን። ልጅ አለን። ሰፈር አለን።»

«አባቴ የሰጠኝን ለሰፈር ብዬ አልተውም።»

ያን ሳምንት ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ፌንጣ ትቀራለች ወይስ ትሄዳለች? እኔ በሆዴ የአባቴ ወገን ነበርኩ። ትሂድ። አሳፍራናለች።

በሚቀጥለው እሁድ ሽማግሌዎች መጡ።

ሦስት ነበሩ፤ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ብርሃኑ፣ ጎማ የሚጠግኑት ሐጂ ሙክታር፣ እና ከቤተ ክርስቲያን አንድ ቄስ። ነጭ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው፣ ሳሎናችን መሃል ቆሙ። አባቴ ወንበር ቢያመጣ፣ ትራስ ቢያመቻች፣ አልተቀመጡም።

«ኧረ እባካችሁ አረፍ በሉ!»

«ጉዳያችን እሺ ሳይባል አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ብርሃኑ።

ይህን ደግሞ አውቀዋለሁ! የጎረቤታችን ልጅ ስትጠየቅ በር ላይ ተሰብስበን አይተናል። ሽማግሌ ከቆመና አልቀመጥም ካለ፣ ልጅ ሊጠይቅ ነው። እኛ ቤት ደግሞ ያላገባች ሴት አንድ ናት። ወደ ዊንታ ክፍል ሮጥኩ። ዊንታ ቀድማኝ ገብቷታል፤ መስታወት ፊት ቆማ ረጅሙን የጆሮ ጌጧን እያደረገች ነው። አባቴም ሳሎን ውስጥ ፈገግ ማለት ጀምሯል። አንድ ነገር ብቻ አልገጠመልኝም፤ ሽማግሌዎቹ የሚያዩት አባቴን ሳይሆን እናቴን ነበር። የቤቱ እመቤት ስለሆነች ነው ብዬ አለፍኩት።

«ሀይሚ፣ ውጭ ተጫወቺ» ተባልኩ።

ከመስኮቱ ሥር፣ ፌንጣ ጎን ተቀመጥኩ። የጋሽ ብርሃኑ ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉ አይለይም። የዓንዶም ስም ተጠራ። ከዚያ የእናቴ ድምፅ፣ መስኮቱን አልፎ፣

«አልሰጥም!»

ቆየት ብሎ ሐጂ ሙክታር አሳላቸው፤ ሳል የሚመስል ሳቅ። ከዚያ ዊንታ በኋላ በር ወጣች። አንድ ጆሮዋ ላይ ብቻ ጌጥ አለ። ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ቁጢጥ ብላ ፊቷን በእጇ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሽማግሌዎቹም ሳይቀመጡ ወጡ። ሐጂ ሙክታር በፌንጣ በኩል ሲያልፉ ጎማዋን በጫማቸው ጫፍ ነካ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ዓንዶም እናቴን አሸነፈ። ካሸነፈ በኋላ ዊንታን ጠየቀ። እናቴ ደግሞ ያሸነፋትን ሰው በሴት ልጅ ዕድል ተበቀለችው። በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳት።

«ስለተሸነፍሽ ነው!» አልኳት።

«ማን ተሸነፈ?» አለች። ቀልድ አልነበረም፤ የምር ጠየቀችኝ። እኔ ግን ዋሸች ብዬ ጀርባዬን ሰጠኋት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፌንጣ ውስጥ አልገባም አልኩ። በታክሲ ተጋፍቼ ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ አንገቴ የሰው ብብት ሥር እየገባ። በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ ሌላ ጉድ አየሁ። ፌንጣ ላይ ተቀምጦ የማያውቀው አባቴ ከእናቴ ጎን ተሰይሟል፤ ሰደርያውን ለብሶ፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሸራው ታጥፎ። በሰፈሩ መሃል፣ በሱቁ በር፣ በእድሩ ድንኳን ማስቀመጫ በኩል፣ ቀስ ብለው አለፉ። ልጅ ሆኜ እስረኛ መሰለኝ። እሱንም ቀማችኝ አልኩ።

እናቴ አላስረዳችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም። ሁለታችንም አንገታችን የሚታጠፍ ዓይነት አይደለንም።

የጠየቅኩት ዊንታን ነው፤ ካደግኩ በኋላ። ዊንታ አሁን ገርጂ ከባሏ ከአብኔዘር ጋር ትኖራለች፤ ቲኬት መቁረጥ ትታ የራሷን የጉዞ ወኪል ቢሮ ከፍታለች። ልጆቿን አስተኝታ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። «እማዬን እንዴት ይቅር አልሻት?» አልኳት።

«በምኑ?»

«በዓንዶም ነዋ። ሽማግሌ ልኮብሽ ስትከለክል።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። አየችኝ። ከዚያ በርጩማው ላይ ሆና እንዲህ ዓይነት ሳቅ አለ እንዴ እስክል ድረስ ሳቀች። «ለእኔ መስሎሽ ነው ይኼን ሁሉ ዘመን? የኔ እናት! ለእኔም መስሎኝ ነበር እኮ! አንዱን ጌጥ አድርጌ ሌላው በእጄ፣ ከመጋረጃው ኋላ፣ ጋሽ ብርሃኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ‹የመጣነው ስለ መኪናዋ ነው› አሉ!»

«ለመኪና ሽማግሌ ላከ?»

«ላከ! በገንዘብ ለምኗት እምቢ አለችው። በአባትሽ በኩል ሞከረ። መጨረሻ ላይ ሰው ታከብራለች፣ ሽማግሌ ከቆመባት አታሳፍርም አለ። በዓለም ላይ ለመኪና ሽማግሌ የላከ እሱ ብቻ ነው። ለእኔ አንድ ሰላምታ እንኳ ልኮ አያውቅም፣ ውሻ!»

«ግን አለቀስሽ። ትከሻሽ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።»

«መጀመሪያ አለቀስኩ። ከዚያ ሳቅ አፈነኝ። ያየሽው የትኛውን እንደሆነ እንጃ።»

የቀረውንም ነገረችኝ። እናቴ አልሰጥም ስትል ጋሽ ብርሃኑ ግራ ገብቷቸው «ልጄ፣ የሱ መኪና እኮ ከአንቺዋ እጥፍ ትሮጣለች፤ ለመሆኑ ይቺን ምን ሊያደርጋት ነው እንዲህ የሚለምነን?» ብለው እሷኑ ጠየቋት። እናቴም፣ «እሱ ቶሎ ይደርሳል አባቴ። ደርሶ ግን የሚሠራው የለውም። እኔ ሥራዬ መንገዱ ላይ ነው» አለች። ሐጂ ሙክታር ያን ጊዜ ነው ያሳላቸው። ጋሽ ብርሃኑ ወደ አባቴ ዞረው «አንተስ?» ሲሉት፣ ሳምንቱን ሙሉ ተያት ተያት ሲል የከረመው አባቴ፣ «መኪናዋ የሷ ናት» አለ። በማግሥቱ ከጎኗ ልቀመጥ ብሎ የለመነውም እሱ ራሱ ነው፤ ሸራውን ያጠፈውም እሱ። ሰፈሩ ማየት ከፈለገ ይይ ብሎ።

እኔ እስረኛ ያልኩት ሰውዬ ለካ ሰልፍ ወጥቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ የእናቴ ጉልበት ታመመ። ፍሪሲዮን መርገጥ አቃታት። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ በርበሬ ስናፍስ ቁልፉን ከማተቧ ፈታ አንገቴ ላይ አሰረችልኝ፤ ምክር የለ፣ ምርቃት የለ። መንዳትን ማንም አላስተማረኝም። መካኒክነትንም ማንም አላስተማረኝም፤ ስልኬ ላይ አንድ ሽማግሌ በማላውቀው ቋንቋ ካርቡራተር ሲፈታ እያየሁ፣ እየፈታሁ፣ እያበላሸሁ፣ ደግሜ እየፈታሁ ነው። እሁድ ጠዋት ወደ ካባው መንገድ እየሄድኩ ከሞተሩ ጋር ተዋወቅን።

እዚያ ነው እናቴን ያገኘኋት። መታጠፊያው ሲመጣ ትንፋሼን ያዝኩ። ማርሹን በመዳፌ ገፋ አደረግኩ። የፊት ጎማዎቹ መሬቱን ሲነክሱ በመሪው በኩል እጄ ውስጥ ተሰማኝ፣ እንደ ሰው የልብ ምት። አፍንጫዋ ወደ ውስጥ ገባ፣ ወገቧ ተከተለ፣ ነዳጅ ሰጠኋት፣ ወጣን። የፍጥነት መቁጠሪያውን ሳየው ጋሪ እንኳ የሚያፍርበት አኃዝ ነበር። በትንሿ መስታወት ደግሞ ጥርሴን አየሁ፣ ሁሉንም። ፈርቼ አልነበረም። እሷም አልፈራችም ነበር፤ አንድም ቀን።

አሁን ከተማው ሌላ ሆኗል። የቦሌን መብራት ቆሜ ስጠብቅ ግራና ቀኜ ኤሌክትሪክ መኪና ነው። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን የሉም። ሱፐርማርኬት የሚሄዱ እናቶች፣ የኋላ ወንበራቸው ላይ ሞግዚት የጫኑ፣ የዓንዶምን ጥቁር መኪና በእንቅልፍ ልባቸው ይቀድሟታል። ድምፅ የለ፣ ማርሽ የለ፤ ይረግጡታል፣ ይደርሳሉ። እኔ ደግሞ ቤንዚን ሰልፍ ላይ ቆሜ እውላለሁ። «እህት፣ ይቺን ሙዚየም መቼ ነው የምታስረክቢያት?» ይሉኛል። ይበሉ። ፍጥነት እንደዚህ ከረከሰ፣ ማንም ሱቅ ገብቶ የሚገዛው ከሆነ፣ ፈጥኛለሁ ብሎ መኩራት ሊፍት ውስጥ ገብቶ ወጣሁ ብሎ እንደመኩራት ነው። እኔ ደረጃውን እወዳለሁ። ምን ታመጣላችሁ?

ባለፈው እሁድ ዓንዶም በራችንን አንኳኳ። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል፤ ጥቁሯ መኪና ከተሸጠች ዘመን ሆኗታል። ልጁ ቢሩክ በነጭ ኤሌክትሪክ መኪና አድርሶት በር ላይ ቆሟል። እናቴ በረንዳው ላይ እግሯን ዘርግታ ፀሐይ ትሞቃለች።

«ጋሽ ዓንዶም፣ ዛሬ ሽማግሌ አልላኩም?» አልኩት።

«ሽማግሌው እኔው ሆንኩ እኮ ልጄ።»

«መቀመጥ ይችላሉ።»

«እሺ ሳልባል አልቀመጥም» አለና ከዘራውን ተደግፎ ቆመ። ዓይኑ ግቢው ውስጥ ፌንጣ ላይ ነው።

«ቁልፉ የሷ ነው፣ እሷን ጠይቅ!» አለች እናቴ ከበረንዳው። ጆሮዋ እንደ ጉልበቷ አይደለም።

«አልሰጥም» አልኩ። ለካ ይኼ ቃል አፍ ውስጥ ይጣፍጣል።

«አውቃለሁ» አለ ዓንዶም። «ለመውሰድ አልመጣሁም። ያኔም መውሰዴ ምን ያደርግልኝ ነበር? እናትሽ ልክ ነበረች፤ ሁለተኛ መኪና ትሆንልኝ ነበር፣ ከጥቁሯ ጎን የምትቆም። በሚቀጥለው ሳምንት ዓይኔን በቀዶ ጥገና ልሠራ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወደ ላይ።»

ሸራውን አጠፍኩ። ቦታዬ ላይ፣ የድሮው ቦታዬ ላይ፣ ጉልበቱን ሰብስቦ ተቀመጠ።

«አባዬ፣ በዚህች?» አለ ቢሩክ ከመስኮቱ። «እኔ እኮ በደቂቃ አደርስህ ነበር!»

«ቅደመን» አለው አባቱ።

ቀደመን። ሹልክ አለ፣ የለም። የካባው መንገድ ግራና ቀኝ አሁን ቪላ ተሠርቶበታል፤ መታጠፊያዎቹን ግን ማንም ማቅናት አልቻለም። የመጀመሪያው ላይ ዓንዶም በሩን ያዘ። ሁለተኛው ላይ ለቀቀው። ነፋሱ ነጭ ጸጉሩን አቆመው፤ ሞተሩ ወረድ አለ፣ ከፍ አለ፤ ኮረሪማው ከወንበሩ ስፌት ውስጥ እንደገና ሸተተ። ትልቁ መታጠፊያ ላይ ማርሽ ቀንሼ ስገባ ጮኸ።

ያው ጩኸት ነው። በዚያ ፀሐይ ቆሜ ከታች የሰማሁት፣ ያው ራሱ። ከውስጥ ሆኜ ስሰማው ቁጣ የሚባል አንዲት ጠብታ አልነበረውም። ኳስ ያገባ ልጅ ነው እንደዚያ የሚጮኸው። ዓይኑ ረጥቦ ነበር፤ የነፋሱ ይሁን የሌላ አልጠየቅኩም። ከዚያ እኔም ጮህኩ።

አናቱ ላይ ቢሩክ መኪናውን ዳር አቁሞ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ አጋድሞ ስልኩን እያየ አገኘነው። ወረደና እያዛጋ መጣ።

«ኧረ እናንተ ሰዎች! እዚህ ቆሜ ላረጅ ነበር። ጨረሳችሁ?»

ወደ ዓንዶም ዞርኩ። መልሱ የእኔ አልነበረም። በመዳፉ ፊቱን ጠረገ፣ ቁልቁል በማዶ ወደሚወርደው ጠመዝማዛ አየ፣ ልጁን አየ።

«እኛ ገና ነን» አለው።

ማርሽ አንድ አስገባሁ።